መርዶ ይዤ ወደ ሮድስ

ሐሙስ

ከሐይቅ ከተማ የወጣሁት ማለዳ ነው። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ አባርቶ አስፋልቱ ገና አልደረቀም ነበር። እናቴ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። በአንድ እጇ ዣንጥላ፣ በሌላው ለእህቴ ለዘሃራ ያዘጋጀችውን ቋጠሮ ይዛለች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ደግሞ የተነጠረ ቅቤ ነው። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ እጄን ያዘችና «ቀስ ብለህ ንገራት» አለችኝ።

ዘሃራ ታናሼ ናት። የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ለቤት ሠራተኝነት ቤይሩት ሄደች። አሠሪዎቿ ለዕረፍት ወደ ግሪክ ሲሻገሩ ይዘዋት ሄዱና እዚያው ቀረች። ከብዙ ዓመት በኋላ የመኖሪያ ወረቀት አገኘች። አሁን ሮድስ በምትባል የሜዲትራንያን ደሴት፣ በደሴቲቱ ስም በሚጠራው አሮጌ ከተማ፣ አንድ መጠጥ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ለውጡ የመጣ ሰሞን፣ ስንት ዓመት ርቆ የኖረው ሁሉ ወደ አገሩ ሲጎርፍ፣ እሷም ልትመጣ ተሰናድታ ነበር። ወረቀቷ ሳይታደስ ቀርቶ አልሆነላትም። ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። ከዚያ ጦርነቱ።

ጦርነቱ ሐይቅ የደረሰ ጊዜ መብራቱም ስልኩም መንገዱም ባንዴ ተቋረጠ። አባታችን የስኳር ሕመምተኛ ነበር፤ በመርፌ የሚወስደው መድኃኒት አለቀ። መድኃኒት ቤቶቹ ተዘግተዋል፣ ወደ ደሴ መውጫ የለም። በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። ስልክ ሲመለስ መጀመሪያ የደወለችው ዘሃራ ናት። ያነሳችውም እናቴ። «አባዬስ?» ስትላት እናቴ «ውጫሌ እህቱ ዘንድ ሄዷል፣ እዚያ ገና ኔትወርክ አልገባም» አለቻት። አስባበት አልነበረም፤ ከአፏ አመለጣት። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርምና ያችው ውሸት ስድስት ወር ቆየች። በመጨረሻ እኔ ሄጄ አፍ ለአፍ እንድነግራት ቤተሰቡ ወሰነ። ዘሃራ ግን ልጠይቃት ብቻ የምመጣ መስሏታል። የግብዣውን ደብዳቤ ያጻፈችልኝም እሷው ናት።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ሜዲትራንያንን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስስል ሃያ ዓመት አልፎኛል። አንድ ቀን በዓይኔ አየው ይሆናል ብዬ ተመኝቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ተሸክሜ መሆኑን ግን አላሰብኩም።

ከደሴ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጠችው የአምባሰል ልጅ ነበረች። ሳዑዲ አራት ዓመት ሠርታ ተመልሳ፣ እንደገና ልትሄድ ነው። ወዴት እንደሆንኩ ጠየቀችኝ።

«ግሪክ» አልኳት።

«ለሥራ?»

«ለጥየቃ።»

ዞር ብላ አየችኝ። «ለጥየቃ ከአገር የሚወጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለች።

ከኮምቦልቻ በኋላ መንገዱ ዳር የተቃጠሉ የጭነት መኪኖች ዝገው ቆመዋል፤ ሣር በውስጣቸው በቅሏል። እነሱ አጠገብ ስንደርስ አውቶቡሱ ውስጥ ወሬ ይቆማል፣ ስናልፍ ይቀጥላል። ሸዋ ሮቢት ለምሳ ወረድን። ልጅቷ ከቤቷ የያዘችውን ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ፣ እኔ ሻይ አዘዝኩ። ማንን እንደምጠይቅ ስነግራት «ታድላ፣ ወንድም መጥቶ ሊጠይቃት» አለች። የሻዩን ሒሳብ ልከፍል ተነሳሁ።

ዓርብ

አዲስ አበባ ዋልኩ። ጁምዓ ሰገድኩ፣ ቀሪውን ቀን ፓስፖርቴን ኪሴ ውስጥ እየነካካሁ ጨረስኩት። አውሮፕላኑ የሚነሳው ሌሊት ነው። ከዚያ በፊት ተሳፍሬ አላውቅም። ቀበቶውን እንዴት እንደሚያስሩት ስታገል አጠገቤ የነበሩት አሮጊት፣ እሳቸውም የመጀመሪያቸው መሆኑን ነግረውኝ፣ ከእኔ ቀድመው አሰሩት።

ቅዳሜ

አቴንስ ማለዳ ገባሁ፤ ከዚያ በባቡር ፒሬየስ ወደሚባለው ወደብ። እኛ ዘንድ ክረምት ነው፣ እዚያ ግን ሰማዩ ደመና የሚባል አያውቅም፤ ሙቀቱ የባቲን ገበያ ያስንቃል። ወደቡ ላይ ሻንጣዬን ሳነሳ እጄ ራሰ። የእናቴ ቅቤ ቀልጦ፣ ክዳኑ ለቅቆ፣ ሸሚዞቼ አንድ በአንድ ጠጥተውታል። መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሳሙና ባሻቸው ባሻቸው ጠረኑ ባሰበት። ከዚያ በኋላ የተቀመጥኩበት ሁሉ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል።

መርከቡን ሳይ ቆምኩ። ሐይቅ ከተማ ካሉት ፎቆች ሁሉ ይበልጣል። የጭነት መኪናዎች እየተከታተሉ ሆዱ ውስጥ ይገባሉ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በሐይቃችን ላይ በትንሽ ጀልባ ዓሣ ያጠምድ ነበር፤ ልጅ ሆኜ አብሬው እቀዝፋለሁ። ሐይቃችን የትም ብትቆም ማዶው ይታይሃል። ዛፉ፣ የሰው ቤት፣ ጭሱ። እዚህ አንድ ሰዓት እንደሄድን በአራቱም በኩል ውኃ ብቻ ሆነ። መሸ። መርከቡ መዋዠቅ ሲጀምር የጀልባ ልጅነቴ ምንም አልጠቀመኝም፤ መደገፊያውን ይዤ አንገቴን ደፋሁ። አንድ ሐብሐብ የጫነ ሾፌር፣ ወፍራም ሰውዬ፣ መጥቶ ሎሚ ለሁለት ቆረጠና ግማሹን አፍንጫዬ ላይ አስጠጋልኝ። ቋንቋ የለንም። ከቅቤው ሸሽቶ ሁለት ወንበር ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ግን እስክተኛ ድረስ አልሄደም።

እሑድ

ማለዳ ከእንቅልፌ ስነሳ ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ይወርዳል። የደረስን መስሎኝ ተከትዬ ወረድኩ። ዘሃራን በሰው መሐል ፈለግኋት፣ የለችም። አንድ ገመድ የሚጎትት ሠራተኛ ዘንድ ሄጄ «ሮድስ?» አልኩት። ሳቀና «ኮስ» አለኝ። ሌላ ደሴት ነው። በዚህ መሐል ፉጨት ሰማሁ። የሎሚው ሾፌር መርከቡ አፍ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ያወዛውዛል። ሻንጣዬን አንግቤ ሮጥኩ። ያ ሁሉ ብረት ከኋላዬ ሲዘጋ ሾፌሩ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ያችን የቀረችውን ግማሽ ሎሚም ሰጠኝ።

ሮድስ የደረስነው ቀትር ላይ ነው። ከሩቅ የታየኝ ግንብ ነው፤ በባሕሩ ዳር የቆመ ረጅም የድንጋይ ግንብ፣ ውስጡ ከተማ የታቀፈ። የመስቀል ጦረኞች ሠርተውት፣ ኋላ ቱርኮች ገብተውበታል። በዚያው ግንብ ውስጥ አሁንም ሰው ይኖራል፤ ልብስ ያሰጣል፣ ድመት ያሳድጋል።

ዘሃራን አላወቅኋትም። እሷ ናት ያወቀችኝ። ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ ከሲታ ሴት ሆና፣ ስታቅፈኝ አፍንጫዋን ትከሻዬ ላይ ቀብራ ቀረች።

«ቤታችንን ትሸታለህ» አለች።

ስለ ቅቤው ልነግራት ስል እያለቀሰች መሆኗን አየሁ። ሻንጣውን ከእጄ ነጥቃ፣ የግንቡን በር አልፈን፣ ክብ ጠጠር በተነጠፈበት ጠባብ መንገድ እየመራችኝ ጠየቀችኝ፦ «አባዬ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አልኳት።

እዚያው መንገድ ላይ እንድነግራት ነበር የሚገባው። ደስታዋን ሳይ አልቻልኩም።

የምትኖረው ኪሪያ ስታማቲያ በሚባሉ ሴት ቤት ነው። ኪሪያ ማለት እትዬ እንደማለት ነው። ባላቸው ከሞቱ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸው ጥቁር አላወለቁም። ቲማቲም ውስጡ ወጥቶ በሩዝ የተሞላ ምሳ አቅርበው፣ እኔ ልጨርስ ስል ሌላ ይጨምራሉ፤ እንደኛ አገር ሴቶች ማጉረስ ብቻ ቀራቸው። ከዚያ በግሪክኛ ጠየቁኝ። ዘሃራ ተረጎመች።

«አባትና እናትህ በሕይወት አሉ ወይ ትላለች።»

ዓይኔን ሳህኑ ላይ ጣልኩ። «አሉ፣ ደህና ናቸው» አልኩ።

ውሸቴን ዘሃራ እየሳቀች ወደ ግሪክኛ መለሰችው። ኪሪያ ስታማቲያ ግን አልሳቁም። አፌን ሳይሆን እጄን ሲያዩ ቆዩ። እጄ ሹካውን ለቅቆ ነበር።

ሮድስ በዘመናችን የሚታወቀው በግንቡ ብቻ አይደለም፣ በጭፈራውም ነው። ከአውሮፓ ሁሉ የመጣ ወጣት ቀን ባሕር ዳር ይጋደማል፣ ሲመሽ ወደ አሮጌው ከተማ ይጎርፋል። ሐይቅ ከሁለት ሰዓት በኋላ በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ከጦርነቱ ወዲህማ በማታ የሚሰማ ነገር ሁሉ ያስደነግጠናል። ዘሃራ ሥራ ገብታ እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ። የሙዚቃው ከበሮ በግድግዳው ውስጥ ዱም ዱም ሲል እንቅልፍ ላይ ሆኜ ሌላ ነገር መሰለኝ። ስነቃ ወለሉ ላይ በደረቴ ተኝቻለሁ። በሩ ላይ ኪሪያ ስታማቲያ በሌሊት ልብሳቸው ቆመዋል። ትራሱን አውርደው ሰጡኝ፣ እሳቸውም ወንበር ስበው ሙዚቃው እስኪቆም አጠገቤ ተቀመጡ።

ሰኞ

ከሰዓት ዘሃራ ከተማውን አስጎበኘችኝ። የሰዎቹን ስም ነው የበለጠ የማስታውሰው። ዳቦ ጋጋሪው፣ ጫማ ሰፊው፣ አሣ ሻጩ፣ ሁሉም «ሳራ» እያሉ ይጠሯታል። ስትሠራበት የቆየችው መጠጥ ቤት ጣሪያው በድንጋይ ቅስት የተሠራ ነው፤ ዱሮ የፈረስ ጋጣ ነበር ይባላል። ባለቤቱ ማኖሊስ ይባላል፣ ሽበታም፣ ድምፀ ጎርናና። ስንገባ ያልሆነ ዜማ በክራር መሰል የክር መሣሪያው ይሞክራል።

«አምባሰልን ነው» አለችኝ ዘሃራ። «ዕቃ ሳጥብ ሳንጎራጉር ሰምቶኝ። ሦስት ዓመት ሞከረው፣ አልመጣለትም።»

ብርጭቆዎቹን ሳይ ፊቴ ምን እንደመሰለ እንጃ። እሷ አየችው። «እኔ የማጥበው ነው፣ የምጠጣው አይደለም» አለች። «ለእናቴ እንዲህ ብለህ ንገራት።»

ለመግሪብ ብቻዬን ወጣሁ። በከተማው ካሉት የቱርክ መስጂዶች አብዛኞቹ ተዘግተዋል፤ አንዱ ግን ይሰገድበታል። አምስት ሰዎች ነበርን። ከሶላት በኋላ ሙስጠፋ የሚባሉ አዛውንት፣ የደሴቲቱ ቱርክ፣ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛና በምናውቃት ዓረብኛ ተግባባን። ለማንም ሳልናገር የያዝኩትን ለእሳቸው ዘረገፍኩት። አባቴ ሞቷል፣ እህቴ አታውቅም፣ ሁለት ቀን አልፎኛል።

«በቀን ብርሃን ንገራት» አሉኝ። «ከበላች በኋላ። ቤት ውስጥ። ነገ ንገራት፣ ከነገ አታሳልፍ።»

ማክሰኞ

ዘሃራ ከሥራ የምትመለሰው ጎህ ሲቀድ ነው፤ እስከ ቀትር ትተኛለች። ተነሥታ ምሳ በላን። ልናገር አፌን ስከፍት ከአልጋዋ ሥር ካርቶን ጎትታ አወጣች። ውስጡ አዲስ የዓሣ መረብ ነው።

«ለአባዬ ነው» አለች። «ወደቡ ላይ ካለ ሱቅ ነው። ዓይኑ ለቆሮሶ አይሰፋም?» ቆሮሶ የሐይቃችን ዓሣ ነው። ጣቶቿን በመረቡ ዓይን አስገብታ ስፋቱን አሳየችኝ።

ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ይሰፋል አይደል? ሰውዬው ካልሆነ ይቀየራል ብሎኛል።»

«ዘሃራ፣ ቁጭ በይ።»

«ምነው?»

«ቁጭ በይ እህቴ።»

አልተቀመጠችም። መረቡ እጇ ላይ እንደተንጠለጠለ ፊቴን አየች። «አባዬ ውጫሌ አይደለም» አለች።

«አይደለም» አልኳት። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

«መቼ?»

«በጦርነቱ። ስልክ በጠፋበት።»

በጣቷ ወሮቹን ቆጠረች። «መድኃኒት ላክሁለት» አለች። «በሰው እጅ። ማን ወሰደው?»

«ለጎረቤት ሰጠነው። እሱም የስኳር ሕመምተኛ ነው።»

«ለኢድ ሰላም በሉልኝ ስላችሁስ?»

«እሺ አልን።»

«ስድስት ወር» አለች። «ስድስት ወር ለሞተ ሰው ሰላምታ ስልክ፣ እናንተ ይደርሳል ትሉኛላችሁ። እኔ እዚህ ስስቅ። ዘፈን ሳንጎራጉር።» መረቡን ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠችው። «ውጣ። ወንድሜ፣ ውጣልኝ።»

ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ በሩ ተዘጋ፤ ከዚያ ጩኸቷ መጣ። የሐይቅ ለቅሶ ነው፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ያ መንገድ ሰምቶ አያውቅም። ጎብኚዎች ቆመው ሽቅብ አዩ። ኪሪያ ስታማቲያ ከታች እጃቸው ሊጥ እንደነካው ሮጠው ወጡ፣ እኔን አልፈው፣ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። ምን እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ድምፅ ሆነ፣ አንዱ በአማርኛ አንዱ በግሪክኛ።

ሲመሽ ማኖሊስ ዘሃራን ፍለጋ መጣ። ኪሪያ ስታማቲያ በሩ ላይ በሹክሹክታ ነገሩት። ኮፍያውን አውልቆ እኔ ያለሁበት ደረጃ ላይ ተቀመጠ። በእንግሊዝኛ «አባትህ ምን ይሠራ ነበር?» አለኝ።

«ዓሣ አጥማጅ ነበር።»

«የኔም» አለ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ሄደ። ያን ምሽት የዱም ዱም ድምፅ ከሌሎቹ ቤቶች ብቻ ነበር የሚመጣው፣ ከማኖሊስ መጠጥ ቤት አልነበረም።

ረቡዕ

ዘሃራ አላነጋገረችኝም። ጠዋት ማኖሊስ መጥቶ፣ የኪሪያ ስታማቲያ ቤት ጠባብ መሆኑን፣ ሰው ግን እንደሚመጣ ነገራት። ስለዚህ ለቅሶው መጠጥ ቤቱ ተቀመጠ። ስጽፈውም ይገርመኛል። ጠርሙሶቹን ሁሉ በነጭ ጨርቅ ሸፍኗቸዋል። ወንበሮቹን እስከ መንገዱ ደርድሯል። በሩ ላይ በእጁ የጻፈውን ወረቀት ለጥፏል፤ በሐዘን ምክንያት ዝግ ነው ይላል። በዓመቱ ሰው በሚበዛበት ወቅት ነበር።

ዳቦ ጋጋሪው ከነሚስቱ መጣ። ጫማ ሰፊው መጣ። አሣ ሻጩ የሥራ ልብሱን ለውጦ መጣ። አዛውንቱ ሙስጠፋ ከሦስት ሰዎች ጋር መጥተው ያሲን የተባለውን የቁርኣን ምዕራፍ ቀሩ፣ ዱዓ አደረጉ፤ ግሪኮቹ ምን እንደሚባል ባያውቁም እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ከዚያ ኪሪያ ስታማቲያ ትልቅ ትሪ ተሸክመው ገቡ። ሲገልጡት የተቀቀለ ስንዴ ነው።

ተነሥቼ ቆምኩ። ንፍሮ ነው። እነሱም ለሞተ ሰው ስንዴ ይቀቅላሉ። ልዩነቱ ላዩ ላይ ስኳርና ለውዝ መነስነሳቸው ብቻ ነው። ዘሃራ አንድ እፍኝ ወስዳ አፏ ውስጥ ጨመረች። ከማክሰኞ ምሳ ወዲህ የቀመሰችው እሱን ነው።

ወደ ማታ ወጣቶቹ ከባሕር ዳር መመለስ ጀመሩ። አምስት ስድስት ሆነው፣ ፀሐይ ያቀላቸው፣ እየዘፈኑ በሩ ላይ ደረሱ። ማኖሊስ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወረቀቱን አሳያቸው። ዝም አሉ። አንደኛው ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ በጠጠሩ ላይ በእግሩ ጣት እየረገጠ አለፈ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ጥቂት ቆይቶ ከመሐላቸው አንዲት ልጅ ተመለሰች። ሻማ ገዝታ ነበር። ማን እንደሞተ አታውቅም። ዘሃራ እግር ሥር አስቀምጣ ሄደች።

ሐሙስ

በሦስተኛው ቀን ለቅሶው ተነሣ። ዘሃራ ወደ ባሕሩ ግንብ ወሰደችኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ንገረኝ» አለች። «እንዴት እንደሞተ። አሁን ምንም እንዳትደብቅ።»

ነገርኳት። መድኃኒቱ ሲያልቅ እንዴት ውኃ ውኃ እንደሚል። ጀልባውን ለጠየቀው ሁሉ ማዋሱን። በመጨረሻው ሳምንት ዓይኑ መደብዘዙን። የቀበርነው ሰባት ሰው ብቻ ሆነን መሆኑን፣ ሌላው መውጣት ስለፈራ። ከዚያ ለእናቴም ያልነገርኩትን ነገርኳት።

«አንቺን ይጠይቅ ነበር» አልኳት። «ስልክ የለም ስለው አያምነኝም። አልደወለችም ወይ ይለኛል። አንድ ቀን ደውላለች አልኩት። ተኝተህ ነበር፣ ልቀስቅሰው ስላት ተወው አለችኝ አልኩት። ለእሱም ዋሸሁ ዘሃራ። ላንቺ ብቻ አይደለም።»

ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች።

«ምን አለችህ ብለህ ነገርከው?»

«ለኢድ እመጣለሁ ብላለች አልኩት።»

«ምን አለ?»

«አልሐምዱሊላህ አለ። ከዚያ ስለ ጀልባው ጠየቀኝ።»

ውኃው ከሥራችን ድንጋዩን ይመታል። ያ ዓመት ኢድ አልፏል፤ ሁለታችንም እናውቃለን።

«የትኛው ኢድ እንደሆነ ነግረኸዋል?» አለችኝ።

«አልነገርኩትም።»

«እንግዲያ ገና ውሸት አልሆነም» አለች፤ እጄንም ያዘችኝ። ከማክሰኞ ወዲህ የነካችኝ ያኔ ነው።

ይህን የምጽፈው መጥታ ከሄደች በኋላ ነው። በሚቀጥለው ኢድ መጣች፣ ሃያ ቀን ቆይታ ተመለሰች። ሥራዋም ሰዎቿም አሁን እዚያ ናቸው።

ዓርብና ከዚያ በኋላ

በመርከቡ ሲሸኙኝ ኪሪያ ስታማቲያ ሸሚዞቼን ሰጡኝ። ሦስት ጊዜ አጥበዋቸው ቅቤው አልለቀቀም፤ ስለዚህ መካከላቸው የደረቀ ቅጠል ከትተዋል። ማኖሊስ መረቡን ከነካርቶኑ ተሸክሞ መጣ፤ ዘሃራ ለአባቴ የጀልባ ጓደኛ እንድሰጠው ነግራኛለች። መመለሻው የመሄጃውን ያህል አልረዘመብኝም። ሐብሐብ የጫነ ሾፌር ፈለግሁ፣ አልነበረም።

ሐይቅ የደረስኩት ከዐሥር ሰዓት በኋላ ነው። እናቴ በሩ ላይ ነበረች። እንዴት ሆነች አላለችኝም። ጫማዬን ሳላወልቅ «ማን ማን መጣ?» አለችኝ።

«የት?»

«ለቅሶው ላይ። ልጄ ስታለቅስ ማን ማን ነበር?»

ቁጭ ብዬ ዘረዘርኩላት። ዳቦ ጋጋሪውን፣ ጫማ ሰፊውን፣ አሣ ሻጩን። አዛውንቱ ያሲን መቅራታቸውን። መጠጥ ቤቱን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ፣ ጠርሙሶቹ በነጭ ጨርቅ መሸፈናቸውን ስነግራት ግን «ሸፈናቸው?» ብላ አስደገመችኝ። ስንዴው ላይ ስኳር አለ ስላት አላመነችም። ሻማ ያመጣችውን ልጅ ስም ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልኳት።

«አላህ ያውቃታል» አለች።

መግሪብ ሰግዳ ስታበቃ እጆቿን ዘርግታ ዱዓ ጀመረች፤ እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ለአባቴ ለመነች። ለዘሃራ ለመነች። ከዚያ በራሷ አጠራር «መኑሊስ» አለች። «ሙስጠፋ» አለች። ሦስተኛው ስም ላይ ቆመች። ወደ እኔ አልዞረችም፤ እጆቿ እንደተዘረጉ ጠበቀች።

«ስታማቲያ» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ስታማቲያ» አለች። እኔም አሚን አልኩ።